ደወሏን ጠግን፣ አምፖሏን አትንካ

ጥር ሲገባ የዚህ አምድ ወሬ እሳት ብቻ ይሆናል። ገለባው ደርቋል፣ ነፋሱ ተነሥቷል፣ ሠርግ ያለበት ሁሉ በየጓሮው ጉልቻ ጎልቷል። ዘንድሮም ከመጡት ደብዳቤዎች አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ እላቸዋለሁ። የፈረንጅ ሰዎችን ታሪክ ስጠቅስ ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ከደብረ ማርቆስ

«ጤና ይስጥልኝ። አያቴ ካረፉ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። በሕይወት እያሉ እህል ይነግዱ ነበር። ሰሞኑን መጋዘናቸውን ስናጸዳ ከበሩ በላይ ግንቡ ላይ የተቸነከረ ነገር አገኘን። ቀይ ቀለም የተቀባ የብረት ማቀፊያ ነው። መሃሉ ላይ ከብርቱካን ተለቅ የሚል ክብ መስታወት ተቀምጧል፤ ውስጡ ፈሳሽ አለ። ከጎኑ ሞላ ያለው መዶሻ ነገር አለ። መዶሻውን አንዲት ትንሽ ብረት ጠርቅማ ይዛዋለች። ከሥሩ ደግሞ የብስክሌት የመሰለች ደወል አለች። እናቴ ‹የአባባ አምፖል ናት› ትላለች። አጎቴ ደግሞ አያቴ አዲስ አበባ ሄደው፣ አንድ የውጭ ነጋዴ ዕቃውን ሸጦ ሲወጣ እንደገዟት ትዝ ይለዋል። ታናሽ ወንድሜ ካልሰበርኳት ብሎ አስቸግሮናል። ምንድን ናት? ትሠራ ይሆን? ዋጋስ ታወጣለች?»

መጀመሪያ ወንድምህን ያዝልኝ። እየቀለድኩ አይደለም። ይህን መልስ አንብበህ እስክትጨርስ ያችን መስታወት ማንም እንዳይነካት።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አምፖል አይደለችም፤ እናትህ ግን ብዙም አልተሳሳቱም፣ መልኳስ አምፖል ነው። አጻጻፍህን ሳየው ያገኛችኋት ሰው ሳይነካት በራሷ የምትሠራ የድሮ እሳት ማጥፊያ ናት። ደወሏም አብሯት የተሠራ ነው። እንዲህ ያሉ የመስታወት ማጥፊያዎች ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ድረስ አሜሪካ ውስጥ በየጋራዡና በየመጋዘኑ ይሰቀሉ ነበር። ኤሌክትሪክ አይፈልጉም፣ ባትሪ የላቸውም። አንዴ ሰቅለህ ትረሳቸዋለህ። አያትህም ሳይረሷት አልቀሩም።

መዶሻውን ጠርቅማ ይዛለች ያልካት ትንሽ ብረት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ናት። በእጅህ ሳትነካ ቀረብ ብለህ እያት። ሁለት ስስ ብረቶች በስታኞ ተጣብቀው ነው የምታገኘው። ሬዲዮ ጠጋኙ የሚጠቀምበት ስታኞ ግን አይደለም። ያ ለመቅለጥ ከ180 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ 70 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚቀልጠው። ግማሹ ቢስሙዝ የሚባል ብረት ነው፣ የቀረው እርሳስ፣ ቆርቆሮና ካድሚየም። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይኸ ነው። ቢስሙዝ ለብቻው 271 ዲግሪ ካላገኘ አይቀልጥም፣ ቆርቆሮ 232፣ ካድሚየም 321፣ እርሳስ 327። አራቱን በልኩ ስትቀላቅላቸው ግን ሁሉም ግትርነታቸውን ትተው 70 ላይ እንደ ቅቤ ይፈስሳሉ። ደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እንኳ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሱም ይበቃዋል። ትኩስ ሻይ ውስጥ ብትጨምረው ይቀልጣል ማለት ነው። ጨምረው ማለቴ አይደለም፤ እርሳስና ካድሚየም ለሻይ አይሆኑም።

እሳት ሲነሣ ትኩሱ አየር ወደ ላይ ወጥቶ ጣሪያ ሥር ይጠራቀማል። ዕቃዋ ከፍ ብላ የተሰቀለችውም ለዚህ ነው። ስታኞዋ ትቀልጣለች፣ ማሰሪያዋ ትላቀቃለች፣ ሞላው መዶሻውን ይወረውረዋል፣ መስታወቱ ይሰበራል፣ ፈሳሹ እሳቱ ላይ ይወርዳል። ደወሏም በዚያችው ማሰሪያ የታሰረች ይመስለኛል። ማሰሪያዋ ስትላቀቅ፣ እንደ ድሮው የጠረጴዛ ሰዓት፣ የተጠመዘዘው ሞላ እስኪያልቅ ትጮኻለች።

አሁን መጥፎው ወሬ። መጀመሪያ የወጡት የመስታወት ማጥፊያዎች በእጅ የሚወረወሩ ነበሩ፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለውም ጨው የገባበት ውሃ ነው። ያ ምንም አያደርግም። ኋላ የመጡት፣ በተለይ እንደ እናንተዋ ሞላና መዶሻ ያላቸው፣ የሚሞሉት ግን ካርቦን ቴትራክሎራይድ በሚባል ኬሚካል ነበር። ሲያዩት ጥርት ያለ ውሃ ነው። ሽታው ጣፈጥ ይላል። ክብደቱ ከውሃ አንድ ጊዜ ተኩል ይበልጣል። በዚያ ዘመን ልብስ ያለ ውሃ የሚያጥቡ ቤቶችም ቅባት ለማስለቀቅ ይጠቀሙበት ነበር። እሳት ላይ ሲፈስ ቶሎ ይተንና ከባድ እንፋሎት ሆኖ ይሸፍነዋል። ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍም ለመኪናና ለሞተር ተመራጭ ነበር።

ጉበትና ኩላሊት ግን ይጎዳል። በትንፋሽም ይገባል፣ በቆዳም ይገባል። ይባስ ብሎ በጣም የጋለ ነገር ላይ ሲፈስ ፎስጂን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ፎስጂን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የታረደበት ጋዝ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ እሳቱን አጥፍቶ አጥፊውን ሰውዬ የገደለበት ጊዜ አለ። ላዩ ላይ ደግሞ የኦዞንን ንጣፍ ይበላል፤ የሞንትሪያል ስምምነት ከሚቆጣጠራቸው ኬሚካሎች አንዱ ነው።

ስለዚህ ወንድምህ መዶሻውን ይልቀቅ። እናንተዋ የያዘችው ጨው ውሃ ይሁን ይኸኛው ከፍታችሁ እንዳታጣሩ፣ በማሽተትም እንዳትሞክሩ። መጥፎው ነው ብላችሁ ያዙት። በሩንና መስኮቱን ክፈቱ። ወፈር ያለ ጓንት ያደረገ አንድ ትልቅ ሰው፣ መዶሻው እንዳይፈናጠር በሽቦ ጠበቅ አድርጎ ካሰረው በኋላ፣ መስታወቷን ቀስ ብሎ ከማቀፊያዋ ያውጣት። አሸዋ ያለበት ባልዲ ውስጥ አስቀምጣችሁ ክዳን ግጠሙለት። ሰው ከማያድርበት፣ ነፋስ ከሚገባበት ቦታ አስቀምጡት። ሽንት ቤት መድፋት የለም፣ ጓሮ መቅበርም የለም፤ ከጉድጓድ ውሃ ጋር ይገናኛል። ከተማችሁ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የኬሚስትሪ መምህራኑ ዘንድ ሄዳችሁ ምን እንደያዛችሁ ንገሯቸው። ይዛችሁ ሳይሆን ነግራችሁ፣ እሺ? ባልዲውን ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ የሚገባ ሰው ይታየኛል።

ዋጋውን ጠይቀሃል። ውጭ አገር አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች ይገዙታል። ሙሉዋን ለመላክ ግን አውሮፕላንም አይጭናትም፣ ፖስታም አይቀበላትም። ማቀፊያዋንና ደወሏን ለራሳችሁ አስቀሩ።

በተለይ ደወሏን። ይህን ዕቃ የሚያይ ሰው ሁሉ ዓይኑ መስታወቷ ላይ ይቀራል፤ ቀይ ናት፣ ታበራለች። ለእኔ ግን ቁም ነገሯ ያች የብስክሌት ደወል የመሰለችው ናት። አስበው እስቲ። አንድ ሊትር የማይሞላ ፈሳሽ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ጤፍ የተደረደረበት መጋዘን ከነጆንያው ሲነድ ምን ያደርጋል? እሳቱ ልክ ከሥሯ፣ ያውም ትንሽ ሆኖ ካልተነሣ ምንም። ደወሏ ግን ሰው ትጠራለች። ሰው ከመጣ ውሃም ይመጣል፣ አፈርም ይመጣል፣ በሩም ይሰበራል።

እኔ ያደግኩት ከቢቸና ወጣ ብሎ ነው። ልጅ ሆኜ አንድ የጥር ሌሊት የጎረቤታችን የጤፍ ክምር ተያያዘ። ቀድሞ የነቃው ውሻው ነበር። ቀጥላ ባለቤቲቱ ወጣች፤ ነጠላዋን እንኳ አልደረበችም። እሪ አለች። እሪታ አገራችን ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሰው አልነግርም። አንዷ ስትጀምር ማዶ ያለችው ትቀበላታለች፣ ከእሷ ማዶ ያለችው ደግሞ ከእሷ፣ ከዚያ ጡሩንባው ይነፋል። ትንሽ ቆይቶ የጊዮርጊስ ደወል ያለ ሰዓቱ ተደወለ፤ ሌሊት ያለ ሰዓቱ የተደወለ ደወል የሞተ ሰው ያስነሣል። ወንዶቹ እርጥብ ቅጠል እየመቱ፣ ሴቶቹ እንስራ እየተቀባበሉ፣ እኛ ልጆቹ መሃል እየገባን እየተረገጥን። ክምሩ አልተረፈም። አጠገቡ የነበሩት ሦስት ክምሮችና ቤቱ ግን ተረፉ። ምን አተረፋቸው ብትለኝ ውሃው አልልህም። ውሃውማ ወንዙ ውስጥ ሁልጊዜም ነበረ።

ማጥፊያ የሚሠሩት ፈረንጆችም ይህን ቀስ በቀስ ነው ያወቁት። በራሱ ስለሚሠራ ማጥፊያ ሲነሣ መጀመሪያ ስሙ የሚጠራው አምብሮዝ ጎድፍሬይ ነው። ጀርመን ተወልዶ ለንደን የኖረ ኬሚስት ነበር፤ ወጣት ሳለ የታወቀው የኬሚስትሪ ሊቅ የሮበርት ቦይል ረዳት ሆኖ ሠርቷል። በ1723 ያስመዘገበው ማጥፊያ ፈሳሽ የሞላበት በርሜል ነው። በርሜሉ መሃል ባሩድ የያዘ ትንሽ ቆርቆሮ ተቀምጧል። ከባሩዱ ክር ወደ ውጭ ይወጣል። እሳት ሲነሣ ክሩ ይያያዛል፣ ባሩዱ ይፈነዳል፣ ፈሳሹ በየአቅጣጫው ይረጫል። እሳትን በባሩድ ማጥፋት! የሰርገኛ ሐሳብ ይመስላል፤ ግን ይሠራ ነበር። ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ በርሜል ቤት ውስጥ ፈንድቶ ያልሰማ ጎረቤት ይኖራል ብለህ ታስባለህ? እሱ ደወል አላለውም እንጂ ደወልም ነበር።

ከዚያ ረዥም ዘመን አለፈ። በ1874 ሄንሪ ፓርምሊ የሚባል አሜሪካዊ ኒው ሄቨን ውስጥ ላለው የፒያኖ ፋብሪካው ጣሪያ ላይ ቧንቧ ዘርግቶ፣ አፎቹን በቀላጭ ስታኞ ደፍኖ፣ ሲሞቅ የሚከፈት ውሃ ረጪ፣ ዛሬ ስፕሪንክለር የሚባለውን፣ ሠራ። ፍሬድሪክ ግሪኔል ደግሞ ያን ወስዶ በ1880ዎቹ መጀመሪያ አሻሻለው፤ ዛሬ በየትልልቅ ሕንፃው የምናየው የዚያ ልጅ ነው። እነዚህ ቧንቧዎች ላይ የተጨመረችውን ደወል ግን ብታያት ትወዳታለህ። የውሃ ወፍጮ አይተህ ታውቃለህ? እሱው ነው። ጣሪያው ላይ ያለው አፍ ተከፍቶ ውሃ መሄድ ሲጀምር፣ ከውሃው ጥቂቱ በቀጭን ቧንቧ ተጠልፎ ከግንቡ ውጭ ወዳለች አንዲት ትንሽ ተሽከርካሪ ይሄዳል። ውሃው ይገፋታል፣ እሷ ትሽከረከራለች፣ መዶሻ ታዞራለች፣ መዶሻው የብረት ሳህን ይቀጠቅጣል። ኤሌክትሪክ ቢጠፋ ግድ የላትም። ውሃው እስከፈሰሰ ድረስ ትጮኻለች፤ ውሃው እስኪዘጋም ዝም አትልም። እሳቱ ቢጠፋ እንኳ መጥታችሁ ዝጉልኝ፣ እህሉ በሰበሰ እያለች ነው። ዛሬም አሮጌ ፋብሪካ ግንብ ላይ ቀይ ሳህን ተሰቅሎ ካየህ እሷ ናት።

የአያትህ ዕቃ ሐሳብ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ሆዷ ውስጥ ያለው ነው። ትሠራ ይሆን ላልከው፣ ሞላው ዝጎ ካልሆነ ደወሏ ትሠራለች። ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ውሰዳት፣ ዘይት ቀብቶ ያነቃታል። ደብረ ማርቆስ እጁ የረቀቀ ሰዓት ጠጋኝ አታጣም።

ከቡሬ

«ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በንጉሡ ዘመን ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ቀይ፣ ቁመቷ ክንድ የሚያህል፣ ሾጣጣ ቆርቆሮ ተሰቅላ ነበር። ‹እሳት ሲነሣ ገልብጧት› ተብለን ነበር። የዛሬዎቹን ግን አትገልብጡ ይሉናል። ለምንድን ነው የምትገለበጠው?»

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ደስ አለኝ። የተሰቀለችው የሶዳና የአሲድ ማጥፊያ ናት። ፍራንሷ ካርሊዬ የሚባል ፈረንሳዊ በ1866 ነው ያስመዘገባት። ሆዷ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ውሃ አለ። ላይዋ ላይ ደግሞ ሰልፈሪክ አሲድ የያዘች ትንሽ ጠርሙስ ተሰቅላለች። ቀጥ ብላ ስትቆም ሁለቱ አይገናኙም። ሲገለብጧት ወይም አናቷን ሲመቷት ይገናኛሉ፣ ጋዝ ይፈጠራል፣ ጋዙ ውሃውን እየገፋ በቀዳዳዋ ያስወጣዋል። ለልጅ ልጆችዎ ማሳየት ከፈለጉ ቤኪንግ ሶዳ ላይ ሎሚ ይጭመቁበት፤ የሚፈላው አረፋ ያው ጋዝ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ።

ችግሯ ብዙ ነው። አንዴ ከጀመረች ማቆሚያ የላትም። ቆርቆሮዋ ከውስጥ ተበልቶ ከሆነ በግፊቱ ትፈነዳለች። የሚወጣውም ውሃ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ላይ አይረጭም። የዛሬዎቹ ግፊታቸውን ቀድመው ይዘው ነው የሚመጡት፣ ስለዚህ መገልበጥ አያስፈልጋቸውም፤ ቀጥ አድርገው ይያዟቸው።

ከባሕር ዳር

«ሦስት ፎቅ የንግድ ሕንፃና ከኋላው ሰፊ መጋዘን እያሠራሁ ነው። መሐንዲሱ ስፕሪንክለር ካልገባ አለኝ። እኔ የፈራሁት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሰው ሲጋራ ቢያጨስ፣ ፊልም ላይ እንደምናየው ሁሉም በአንዴ ተከፍተው ዕቃዬን በውሃ አይጨርሱብኝም? ሁለተኛ የመጋዘኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ የባሕር ዳርን ፀሐይ ታውቀዋለህ።»

የፊልሙ ውሸት ነው። ስፕሪንክለር ጢስ አያውቅም፣ ሙቀት ብቻ ነው የሚያውቀው። የሚከፈተውም የሞቀው አፍ ብቻ ነው። ጥግ ላይ እሳት ከተነሣ የጥጉ አፍ ይከፈታል፤ ሌላው ጥግ ያለው ምንም አልሰማም። ሲጋራ አይከፍተውም። ሰው በመሰላል ገጭቶ ከሰበረው ግን ይከፈታል፣ እሱን ለሠራተኞቹ ንገር።

የቆርቆሮው ጥያቄህ ግን የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነው። አፉ ላይ ጣት የማታህል ቀጭን ብልቃጥ አለች፣ ውስጧ ፈሳሽ አለ፣ ፈሳሹ ላይ ደግሞ አንዲት የአየር አረፋ። ሲሞቅ ፈሳሹ ይሰፋል፣ አረፋዋን ይውጣታል፣ የሚሄድበት ሲያጣ ብልቃጧን ይሰብራታል። ያኔ ውሃው ይለቀቃል። የፈሳሹ ቀለም ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚሰበር ይነግርሃል፤ ብርቱካናማው 57፣ ቀዩ 68፣ ቢጫው 79፣ አረንጓዴው 93፣ ሰማያዊው 141። ፎቆቹ ላይ ቀዩ ይበቃል። ከቆርቆሮ ሥር ያለው አየር ግን በሚያዝያ እኩለ ቀን ምን እንደሚሆን ውስጡ ገብቶ ጆንያ ያወረደ ሰው ይጠየቅ። ዋናው ነገር፣ ቦታው በጣም ሲሞቅ ከሚደርስበት ቢያንስ ወደ 30 ዲግሪ ከፍ ያለውን መምረጥ ነው። ስለዚህ መጋዘኑ ላይ ቢጫ ወይም አረንጓዴ አስገባ ብትለው መሐንዲሱ ይስማማል። ካልተስማማ ለምን እንደሆነ ያስረዳህ።

ውጭ ግንቡ ላይ የምትሰቀለውን የውሃ ደወልም አትቀንስበት። ሂሳብ ሲበዛ መጀመሪያ የምትሰረዘው እሷ ናት።

ከዳንግላ

«ለእህቴ ሠርግ ዶሮ ሲጠበስ ዘይቱ ተያያዘ። አንዷ አክስቴ አንድ ጣሳ ውሃ ደፋችበት። እሳቱ እስከ ጣሪያ ወጣ፣ ቅንድቧ ተቃጠለ። ውሃ እሳት ያጠፋ የለም እንዴ?»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማራት። ቅንድብ ይበቅላል፣ ዓይን ስላልሆነ ተመስገን ነው።

የነደደ ዘይት ከ300 ዲግሪ በላይ ነው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ወደ ሥር ይገባል፣ እዚያው በቅጽበት ይተናል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 1,700 ሊትር ያህል እንፋሎት ይሆናል። ያ ሁሉ እንፋሎት የነደደውን ዘይት ተሸክሞ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ጣሪያውን የነካው እሱ ነው።

ቀጣይ ጊዜ፣ ሳይደርስ ይቅር፣ መጀመሪያ ጋዙን ወይም ምድጃውን አጥፉ። ከዚያ ክዳን። የቆርቆሮ አክንባሎ በጣም ጥሩ ክዳን ነው፤ ከፊታችሁ ወደ ፊት እያንሸራተታችሁ ክደኑት፣ ከላይ አትጣሉት። ከከደናችሁ በኋላ ጠፋ ወይ ብሎ ገለጥ ማድረግ የለም፤ ሲቀዘቅዝ ብቻ። ድስቱን አንሥቶ ወደ ውጭ መሮጥ ከሁሉ የከፋ ነው። ስንቱ በሩ ላይ ተደናቅፎ እግሩ ላይ ደፍቶታል።

ዱቄትም አትበትኑበት፤ የጤፍም የስንዴም ዱቄት ራሱ ነዳጅ ነው። ይህን የምለው አንድ ሠርግ ላይ በዓይኔ ስላየሁ ነው፤ ሰርገኛ ጤፍ ነበር፣ ሁለተኛ ድግስ ሆኖ ነደደ።

ከፍኖተ ሰላም

«በርበሬ ነጋዴ ነኝ። መጋዘኔ ላይ ቀይ ሲሊንደር አለኝ፣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መርፌዋ አረንጓዴው ላይ ናት። በቃ ደህና ነው ማለት ነው? ሌሊት ዘበኛ አለኝ።»

መርፌዋ አረንጓዴ ላይ መሆኗ ግፊቱ አለ ማለት ብቻ ነው። ውስጡ ያለው ዱቄት ደህና መሆኑን አትነግርህም። ዱቄት አንድ ቦታ ተሰቅሎ ሲከርም ሥሩ ላይ ይረጋል፣ ልክ እንደ ጨው ይጋገራል። በወር አንድ ጊዜ አውርደህ ገልብጠው፣ ሥሩን በጎማ መዶሻ ወይም በእጅህ መታ መታ አድርገው፤ ውስጡ ሲንቀሳቀስ ይሰማሃል። ፒኑ በቦታው መሆኑን እይ። የጎማውን አፍ እይ። የበርበሬ መጋዘን ስለሆነ ሸረሪትም አይገባበትም ብለህ እንዳትተማመን፣ እኔ ያየሁት አንዱ አፉ ውስጥ ተርብ ቤቷን ሠርታበት ነበር። በዓመት አንዴ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ይፈትሸው፣ ካርዱ ላይ ይፈርም።

ስትጠቀም ፒኑን ንቀል፣ አፉን ወደ ነበልባሉ ሳይሆን ወደ ሥሩ አዙር፣ እጀታውን ጨብጥ፣ ግራና ቀኝ እያጠረግህ ሂድ። ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ያልቃል። ስለዚህ ከመንቀልህ በፊት ሰው ጥራ፤ ከጨረስክ በኋላ ለመጥራት ጊዜ የለህም። በሩን ከጀርባህ አድርግ። የሚነደው በርበሬ ከሆነ ደግሞ ከእሳቱ በፊት ጢሱ ነው የሚጥልህ፤ ይህን ለበርበሬ ነጋዴ ማስተማር ለቀበሮ በግ ማሳየት ነው፣ ይቅርታ።

ከደብዳቤህ ዓይኔን የያዘችው ግን የመጨረሻዋ መስመር ናት። ዘበኛ አለኝ ብለሃል። ዘበኛው ውጭ ነው የሚያድረው፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው፣ ቁልፉ አንተ ቤት ነው፣ ልክ ነኝ? መስመሩ ኮንታክት ቢፈጥርና መጋዘኑ ቢያያዝ፣ ሰውዬው መርፌዋ አረንጓዴ ላይ መሆኗን በመስኮት እያየ ይቆማል ማለት ነው። የጢስ ማንቂያ ግዛ፤ በባትሪ የሚሠራው ትንሹ ይበቃል፣ ጣሪያው ሥር መሃል ላይ ለጥፈው፣ የመሞከሪያ ቁልፉን እየተጫንክ በወር አንዴ አስጩኸው። ድምፁ ግንቡን አልፎ ዘበኛው ከሚተኛበት ይደርስ እንደሆነ በሩን ዘግታችሁ ሞክሩት። እሱ እስኪገዛ ድረስ ሲሊንደሩን ዛሬ ማታ አውጥተህ ከዘበኛው ጎጆ በር ላይ ስቀልለት፤ አንድ ትርፍ ቁልፍም አስቀርጽለት።